ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሪሞት

በሬን ያንኳኳችው ልጅ የድርጅቷ ስም የተጻፈበት ቲሸርት ለብሳ፣ ፀሐዩ እንዳያቃጥላት ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባው ነበር። በኛ ሰፈር፣ መካኒሳ፣ በጠዋት በር የሚያንኳኳ ሰው ወይ ቆጣሪ አንባቢ ነው ወይ ለቅሶ ሊነግር የመጣ የዕድር መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ፊቴን አኮሳትሬ ነው የከፈትኩት።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ? ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን ባንድ ላይ እያስገባን ነው» አለችኝ። «መስመሩ በደጅዎ አልፏል። አሁን የማንን ነው የሚጠቀሙት?»

«የጎረቤቴን» አልኳት።

ሳቀች። «የጎረቤትዎን ዋይፋይ ማለትዎ ነው?»

«ዋይፋይ የለኝም። እኔ የማየው ቴሌቪዥናቸውን ነው።»

«እሳቸው ቤት እየሄዱ?»

«እዚሁ ቤቴ ተቀምጬ።»

ስልኳን አየች፣ እኔን አየች፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ አጋጥሟት እንደማያውቅ ፊቷ ይናገራል። ወረቀት ሰጥታኝ፣ «ካሰቡበት ይደውሉልኝ እሺ?» ብላ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። የሚቀጥለው በር የዚያችው ጎረቤቴ፣ የእትዬ ነው። እትዬ አልነበሩም መሰለኝ፣ ልጅቷ ሁለት ሦስት ጊዜ አንኳኩታ አለፈች። ያን ጊዜ ለምን ደስ እንዳለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ለልጅቷ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ለእናንተ ግን ላስረዳ። የኛና የጎረቤታችን ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከብዙ ዓመት በፊት የእትዬ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ዲሽ አስተከሉ። ያን ጊዜ በመንደሩ ዲሽ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ሰውየው ብቻቸውን ማየት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ከሪሲቨሩ ሌላ ገመድ አስወጥተው፣ በጣሪያው ሥር አሳልፈው፣ በመስኮታችን በኩል አስገቡልን። ገመዱ ምስልና ድምፅ ያመጣል። ምርጫ ግን አያመጣም። ሪሲቨሩ አንድ፣ ሪሞቱም አንድ ነው፤ ሁለቱም ያሉት እነሱ ሳሎን ውስጥ ነው። እነሱ ዜና ሲያዩ እኛም ዜና እናያለን። እነሱ ኳስ ሲያዩ እኛም ኳስ እናያለን። እነሱ አጥፍተው ሲተኙ የኛ ቴሌቪዥን ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ በእንዲህ ያለ ገመድ ልጅ ያሳደገ ሰው ብዙ ነው፤ ተከራይ አከራዩ የወደደውን እያየ የኖረበት ከተማ ነው።

ባለቤቴ ግን የመጣላትን ዝም ብላ የምትቀበል ሴት አልነበረችም። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት በኩል ክፍተት አለ። እዚያ ሥር ወንበር ታደርግና ትወጣበታለች። «እትዬ! ኧረ ማስታወቂያው አለቀ፣ ይመልሱልን!» ትላለች። ከወዲያ «እሺ የኔ ልጅ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቻናሉም ይመለሳል። ልጃችን ትንሽ ሳለች የካርቱን ሰዓት ሲደርስ እናቷን ወንበሩ ላይ እንድትወጣ ቀሚሷን ትጎትታት ነበር። እኔ አንድም ቀን ወንበሩ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰው ቤት ሪሞት ላይ ማዘዝ ያሳፍረኛል።

እትዬ ከደቡብ የመጡ ጴንጤ ናቸው፤ እኛ ኦርቶዶክሶች ነን። በሁዳዴ ሥጋ ሲሠሩ ሽታው እንዳያስቸግረን በኛ በኩል ያለውን መስኮት ዘግተው ጓሮ ይሠሩ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ባለቤቴ የሐዘን ቀናቸው እስኪያልቅ ከሳቸው ቤት አልወጣችም። ልጆቻቸው አግብተው ሀዋሳ ከገቡ በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሪሞቱ የሳቸው ብቻ ሆነ።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ተከታታይ ፊልም ይተላለፋል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፤ እኔ እንደሆንኩ አንዱን ከሌላው ለይቼ አላውቅም። ለባለቤቴ ግን ነፍሷ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። የፊልሙ አማርኛ ያንገበግበኝ ነበር። የሚቆጣውም የሚያለቅሰውም ሰው እኩል ድምፅ ነው የሚያወጣው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጇ መሞቱን ሲነግሯት «ይህ በጣም አሳዛኝ ሁኔታ ነው» ስትል ሰምቼ ከሶፋው ብድግ አልኩ። «ልጅ የሞተባት እናት እንዲህ ትላለች? አሁን እስቲ እንዲህ ተብሎ ይተረጎማል?» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ዝም በል፤ ታበላሽብኛለህ» አለች። እሷ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ እዚያ የምቀመጠው ለፊልሙ ብዬ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ስትሯሯጥ የምትውል ሴት እግሯን አጥፋ አጠገቤ የምትቀመጠው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው። ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካዋል። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እኔ ስነጫነጭ እሷ ትስቃለች፣ እሷ ስታለቅስ እኔ እስቃለሁ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማን ማንን እንደከዳው ስታስረዳኝ እራት እንበላለን። ያ ሰዓት እንዲያልፍብኝ ስለማልፈልግ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ መንገዱ ከተዘጋጋ በእግሬ እመጣ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ታመመች፤ መስቀልን ሳታይ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው መጥቶ ሲያጽናናኝ ያልኩት ነገር ትዝ ይለኛል። «ምን ይደረጋል፣ አሳዛኝ ነው» ነበር ያልኩት። ያችን የፊልም ሴት ያን ዕለት ይቅርታ ጠየቅኳት።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። የኔን መዝጋት ይበቃ ነበር፤ እትዬ ግን የራሳቸውንም ዘጉ። አርባዋ እስኪወጣ ድረስ በግድግዳው በኩል የሰው ድምፅ እንጂ የቴሌቪዥን ድምፅ አልሰማሁም። አርባው ወጥቶ፣ ልጄም ወደ ቤቷ፣ እንግዳውም ወደየቤቱ ሲሄድ ጸጥታው አስፈራኝ። ምሽት ላይ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ነበርና ፊልሙ መጣ። እትዬ ወደሚወዱት ፊልማቸው ተመለሱ ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮዬን ስናገር ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ይሳቅ። ጡረታ ወጣሁ፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ እኔ የእትዬን ቀን በእትዬ ቴሌቪዥን መከታተል ጀመርኩ። በጠዋት መዝሙር ከመጣ ደህና አድረዋል ማለት ነው። ቻናሉ ቶሎ ቶሎ ከተቀያየረ አንድ ያናደዳቸው ነገር አለ። የሳሙና ማስታወቂያው፣ የቀለም ማስታወቂያው፣ የኮርኒስ ማስታወቂያው ሁሉ ሳይቀየር ካለፈ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። ለቀናት ሰማያዊ ከሆነ ልጆቻቸውን ለማየት ሀዋሳ ሄደዋል፤ ያኔ እኔም ሰማያዊውን እያየሁ ሻዬን እጠጣለሁ። አንድ ዓመት በስቅለት ጉልበቴን አሞኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቃተኝ። ያን ቀን ከጴንጤ ቤት ሪሲቨር፣ ከጠዋት እስከ ስግደቱ ፍጻሜ፣ የስቅለቱ ሥርዓት መጣልኝ። ከፍተው ረስተውት ወጥተው ነው ብዬ አሰብኩ። ወንበር ተደግፌ እንደምንም ሰገድኩ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፊልሙ አለ። ሶፋው ላይ እንደ ድሮዬ ወደ አንድ ጫፍ ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ሌላው ጫፍ ባዶ ነው። ግን ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ይህንኑ ምስል በዚህችው ደቂቃ እያየ ነው ብዬ አስባለሁ። ይህቺ ሴት ስታለቅስ እሳቸውም ያያሉ፤ ያ ሰውዬ ሲዋሽ እሳቸውም «አይ አንተ ውሸታም!» ይላሉ። አንዳንዴ ጮክ ብዬ እነጫነጫለሁ፤ ልማድ ነው። በዚያ ሰዓት ሁለት ሴቶች ይናፍቁኝ ነበር፤ አንዷ ከአፈር በታች፣ አንዷ ከግድግዳ ወዲያ። የሁለተኛዋ ናፍቆት ምን ዓይነት እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ላገባቸው አላሰብኩም፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሃይማኖት። እሳቸውን ሳገኛቸው «እንደምን ዋሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን ነው የምንተላለፈው። ከሰው ጋር አንድ ነገር አብሮ ማየት ነው የናፈቀኝ። ያቺ ገመድ ደግሞ ያን ትሰጠኛለች ብዬ አምን ነበር።

ስለዚህ ልጄ «አባዬ፣ ኢንተርኔት አስገባ» ማለት ስትጀምር ፈራሁ። እሷ ፉሪ ነው የምትኖረው፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። በስልኬ የልጅ ልጄን ላይ ስሞክር ፊቷ ተቆራርጦ ይመጣል፤ መጀመሪያ አፏ ይከፈታል፣ ሳቋ በኋላ ይደርሳል፣ ልክ እንደዚያ ፊልም። ልጄ ትናደዳለች።

«አባዬ፣ ልጅቷ እኮ ታድጋለች። አንተ የምታያት በፋሲካና በገና ብቻ ነው። ኢንተርኔቱም ቴሌቪዥኑም ባንድ መስመር ይገባልሃል። እስከ መቼ ሰው የመረጠልህን ታያለህ?»

«መብራት ሲጠፋ ምን ይሠራልኛል?»

«መብራት ሲጠፋ ያሁኑም አይሠራም።»

እውነቷን ነው። ሌላ ሰበብ ፈለግሁ። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ሄጄ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅሁ፤ እሱ ገመድ የማይፈልገውን፣ በአየር የሚመጣውን አስገብቷል፤ ከዚያ ሌላ አትንካ አለኝ። ሌላው ወዳጃችን ደግሞ በአየር የሚመጣው ዝናብ ሲዘንብ ይደክማል፣ በገመድ ያለውን ያዝ አለኝ። ሁለቱ በስልክ ተጣሉ። ለልጄ «እነሱ እስኪስማሙ ልጠብቅ» አልኳት። ሁለቱ ከወጣትነታችን ጀምሮ በምንም ነገር ተስማምተው እንደማያውቁ ልጄም ታውቃለች።

አንድ እሁድ ፉሪ ሄድኩ። ልጄ ልጇን ልታጥብ ስትገባ ሪሞቱን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ደስ ያለህን እይ» አለችኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የራሴ ሪሞት ነው ብል አላጋነንኩም። ተጫንኩ፤ ምግብ የሚሠራ ሰው መጣ። ተጫንኩ፤ አንበሳ ሚዳቋ ያሯሩጣል። ተጫንኩ፤ ተጫንኩ፤ ማለቂያ የለውም። የትኛውም ላይ መቆም አቃተኝ፤ ምክንያቱም የትኛውንም ማንም አልላከልኝም። ልጄ ስትመለስ ሪሞቱን ደረቴ ላይ አድርጌ እንቅልፍ ወስዶኝ አገኘችኝ። ስቃ ፎቶ አነሳችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ግን የልጅ ልጄ ጣቴን ጨብጣ እንቢ ያለችው ከሐሳቤ አልወጣም። ጣቴን ስፈለቅቅ አለቀሰች። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለራሴ እውነቱን ነገርኩት። የምሳሳው ለአንዲት ገመድ ነው፤ ለገመዱ ስል ደግሞ የገዛ ደሜ ስታድግ አላይም። አስገባለሁ አልኩ። ነገር ግን የጎረቤት ገመድ እንዲሁ ብድግ ተብሎ አይነቀልም። ባላቸው በገዛ እጃቸው የሳቡልን ነው፤ ሄዶ መንገር፣ ማመስገን ያስፈልጋል። መንገር ብቻም አልነበረም ያሰብኩት። አንድ ሰዓት ላይ እሄዳለሁ፣ ፊልሙን እያዩ አገኛቸዋለሁ፣ «ይቀመጡ» ይሉኛል፣ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረን አይተን እንሰነባበታለን ብዬ ነበር። በልቤ ይህን እያብሰለሰልኩ ስንት ቀን እንዳዘገየሁት!

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። በራሴ ቤት ፊልሙ መጀመሩን አረጋገጥኩ፤ ቴሌቪዥኑን እንደተከፈተ ትቼ ነው የሄድኩት።

የእትዬ በር ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» አልኩ። መልስ የለም። ገፋ አደረግሁት።

ፊልሙ ሳሎናቸው ውስጥ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለውም። ሴትየዋ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፣ ምንም አይሰማም። ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ሪሞቱ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ሲያይ የኖረው ይህ የልብስ ክምር ነው ማለት ነው። እንዴት እንደከፋኝ ልነግራችሁ አልችልም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከጓሮ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ውይ! ምስሉ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ምነው ጋሼ? አመመዎት?»

«ደህና ነኝ። ፊልሙን እያዩ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «እኔ ምኑን አውቄው! ማን የማን ባል እንደሆነ እንኳ ገብቶኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ይከፍቱታል?»

ሳቃቸው ቆመ። ልብሱን ከወንበሩ ላይ አንስተው «ይቀመጡ እስቲ» አሉኝ። እሳቸው ቆመው ቀሩ፣ ልብሱን እንደታቀፉ።

«አደራ ብላኝ ነዋ» አሉ። «እርስዎን ነግራዎት እንደሆነ አላውቅም። ሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ከመግባቷ በፊት ወንበሩ ላይ መውጣት አቅቷት ነበር። ግድግዳውን በእጇ መታ መታ ስታደርግ ሰማሁና መጣሁ። እርስዎ መድኃኒት ሊገዙ ወጥተው ነበር። ‹እትዬ፣ እኔ ካልኖርኩ እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ አይጣራም፤ ያፍራል። አንድ ሰዓት ላይ ያቺን ፊልም እንዳይቀይሩበት። ሲነጫነጭባት ይሰሙታል እንጂ ይወዳታል› አለችኝ። ስቅለትንም እሷ ናት የነገረችኝ፤ መሄድ ያልቻለ ቀን እንዳይቀርበት ብላ።»

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዓመት ፊልሙን የምወደው መስሏት ነበር። እኔ እሷን ነበር የምወደው። ከሄደች በኋላ ደግሞ የእትዬ ፊልም ነው ብዬ ስቀመጥ፣ እትዬ የኔ ነው ብለው ሲከፍቱ፣ ይህ ማንም ያልወደደው ፊልም ሁለት ቤት ሲያበራ ኖረ። ልናገረው ነበር። ‹እትዬ፣ እኔ እኮ ይህን ፊልም አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም› የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ፊታቸውን አየሁትና ዋጥኩት። አደራ የጠበቀ ሰው ፊት ነበር።

«እርስዎስ በዚህ ሰዓት ምን ማየት ነበር የሚፈልጉት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም።»

«ይንገሩኝ።»

«በኛ ቻናል የዝማሬና የጸሎት ጊዜ አለ፤ ልክ በዚህ ሰዓት ነው» አሉ፣ እንደ ማፈር እያሉ። «ምንም አይደለም፤ ንጋት ላይ ይደገማል። ተነስቼ አየዋለሁ።»

በጠዋት የሚመጣልኝ መዝሙር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደህና አድረዋል እያልኩ ደስ ሲለኝ የነበረው፣ እኔ ምሽታቸውን ስለወሰድኩባቸው በንጋት ተነስተው ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ገመዱ እሳቸውን የሚያስከፍላቸው ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

«እትዬ» አልኩ፣ «የመጣሁት ልነግርዎት ነው። ልጄ ኢንተርኔት ታስገባልኛለች፤ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይመጣል። የራሴ ሪሞት ይኖረኛል። ከእንግዲህ አደራውን እኔ ተቀብዬዎታለሁ። ፊልሟን እኔው እከፍታለሁ።»

ልብሱን ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጡት። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የልጅ ልጅዎን ያያሉ። ጥሩ ነው። ብቻ…»

«ብቻ ምን?»

«ሲነጫነጩ እሰማዎት ነበር። ጓሮ ሆኜም ቢሆን ይሰማኛል። ከራሴ ቴሌቪዥን ላይ ድምፁን የምዘጋው እርስዎን ለመስማት ነው። ‹እንዲህ ተብሎ ይተረጎማል?› ሲሉ፣ ጋሼ ዛሬም ደህና ናቸው እልና ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

ሊሸኙኝ እስከ በር መጡ። ቤቴ ስገባ ፊልሙ አላለቀም ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም።

መስመሩን የሚዘረጉት ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። የትኛው ድርጅት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ሁለቱ ወዳጆቼ እስካሁን እየተጣሉ ነው። አንደኛው ልጅ መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣሪያው ሥር ያለውን አሮጌ ገመድ ጎተት ጎተት አደረገው።

«ፋዘር፣ ይሄን ልንቀለው? ዝም ብሎ ነው የተንጠለጠለው።»

«ተወው፣ አትንካው» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደንግጦ ሊወድቅ ነበር። በኋላ ለስላሳ ገዝቼ አስታረቅሁት።

ልጄ በዚያው ቀን ከሰዓት ደወለች። የልጅ ልጄ ፊት ሳይቆራረጥ መጣ፤ ሳቋ ከአፏ ጋር እኩል ደረሰ። ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ስክሪኑን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ እኔም ዘረጋሁ። ሳላየው ያለፈኝ ጊዜ ቆጨኝ።

ምሽት ሆነ። ሻዬን አፍልቼ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱ ሪሞት እጄ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ብትኖር ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ በላስቲክ ትጠቀልለው ነበር። ያሻኝን መክፈት እችላለሁ። ዜና ነበር፣ ኳስ ነበር፣ ያ አንበሳም ያንን ሚዳቋ ዛሬም ያሯሩጣል። አንድ ሰዓት ሲሆን ፊልሙን ከፈትኩ። የሴትየዋ ባል፣ ወይም የእህቷ ባል፣ ሻንጣ ይዞ ከቤት እየወጣ ነው።

በዚያችው ደቂቃ ከግድግዳው ወዲያ ዝማሬ ተነሳ። በምሽት ሰምቼው አላውቅም። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ እኔን እንዳይረብሹ ፈርተው ይሆናል። የኔን ቴሌቪዥን ድምፅ ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፣ ዘጋሁት። ዝማሬው በዚያ በጣሪያው ክፍተት፣ ባለቤቴ በምትጣራበት በኩል ገባ። የእትዬም ድምፅ አለበት፤ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይዘገያል። ለካ ይዘምራሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን አላወቅሁም ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ሴትየዋ ተንበርክካ ታለቅሳለች። ምን እንደምትል አይሰማም። የሶፋው ሌላ ጫፍ ላይ ማንም የለም፤ እጄን እዚያ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ እትዬ ጓሮ ቢሆኑም እንዲሰማቸው ብዬ፣ ባለኝ አቅም ጮህኩ።

«አሁን እስቲ እንዲህ ተብሎ ይተረጎማል?»

ከወዲያ ዝማሬው ለአፍታ ቀነስ አለ። ከዚያ እንደገና ከፍ አለ።